ኢናሪ፦ ዓሣ ለማጥመድና ለመጎብኘት ወደ ፊንላንድ ሰሜን ጫፍ ለሚሄድ ዝርዝር መመሪያ

ለአርክቲክ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ቦታ ይመርጣል፣ ከዚያ ትኬት ይቆርጣል፤ ወሩን የሚወስንለት የዓመት ፈቃዱ ነው። ዓሣ ለማጥመድ ለሚሄድ ግን ይህ ቅደም ተከተል አያዋጣም። አንዱ ሐይቅ በጁን መጀመሪያ ገና በረዶ ያለበት፣ በጁላይ ቢምቢ የወረሰው፣ በኦገስት መጨረሻ ጸጥ ያለ፣ በሴፕቴምበር ዙሪያው ቀይና ቢጫ የሆነ ነው። ቦታው አንድ ነው፤ ጉዞው ግን አራት ዓይነት ነው። ስለዚህ ከወሩ እንጀምራለን። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው በፊንላንድ ላፕላንድ የሚገኘውን የኢናሪ ሐይቅንና አካባቢውን ነው። ሐይቁ 1,040 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከ3,000 በላይ ደሴቶች አሉት፤ ጥልቀቱ እስከ 92 ሜትር ይደርሳል። ከአርክቲክ ክበብ መስመር በስተሰሜን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቢገኝም አስፋልት ይደርሰዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያም በቅርብ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አርክቲክ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አይታየኝም፤ ሰው የማይኖርበት ምድረ በዳና ሞቅ ያለ አልጋ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገኙበታልና።

1. ወሩን ምረጡ

የሐይቁ በረዶ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው በጁን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከሜይ መጨረሻ አንስቶ እስከ ጁላይ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ፀሐይ አትጠልቅም። በዚህ ወቅት የሚሄድ ሰው የቀኑን ፕሮግራም መገልበጥ ይኖርበታል፦ ማታ ማጥመድ፣ ጠዋት መተኛት፣ ከሰዓት በኋላ መጎብኘት። ከእኩለ ሌሊት በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታት ፀሐይዋ ዝቅ ትላለች፣ ነፋሱ ይረግባል፣ ዓሣውም ነፍሳት ለመልቀም ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል። የቀን ሰው ሆኖ በጁላይ ኢናሪ ሄዶ «ዓሣ የለም» ብሎ የሚመለስ ጥቂት አይደለም።

የጁላይ ዕዳ ቢምቢው ነው። ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ረግረጉና ጫካው በቢምቢ ይሞላል፤ ቢምቢው መቀነስ ሲጀምር ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ይተኩታል። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ወይም ትንንሽ ልጆች የያዘ ቤተሰብ ይህን ወቅት ቢያልፈው ይሻላል።

የእኔ ምርጫ የኦገስት የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ቢምቢው አብዛኛው ሄዷል። ሌሊቱ እንደገና መጨለም ስለሚጀምር የሰሜን ብርሃን (አውሮራ) የማየት ዕድል አለ። ጫካው ውስጥ የዱር ፍሬና እንጉዳይ ይለቀማል። ትራውት የሚባለውን ዓሣ በወንዝ ውስጥ ማጥመድም ገና አልተዘጋም፤ እርሱ የሚዘጋው ሴፕቴምበር 1 ነው። ሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ገደማ የመጸው የቅጠል ቀለም፣ ፊንላንዶች «ሩስካ» የሚሉት፣ ደምቆ ይታያል፤ መልክዓ ምድር ለማየትና ፎቶ ለማንሳት የሚወዳደረው የለም። ለወንዝ አጥማጅ ግን ዘግይቷል።

2. ፈቃዱን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱ

ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች አሉ፤ ብዙ እንግዶች አንዱን ከፍለው ሁለቱንም የከፈሉ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው የመንግሥት የዓሣ ሀብት ክፍያ ነው፤ በፊንላንድኛ «ካላስቶንሆይቶማክሱ» ይባላል። ዕድሜው ከ18 እስከ 69 የሆነ ሁሉ ይከፍለዋል፤ ለቀን፣ ለሳምንት ወይም ለዓመት ይገዛል። ሁለተኛው የምታጠምዱበት ውሃ የራሱ ፈቃድ ነው። በኢናሪ አካባቢ አብዛኛው ውሃ የመንግሥት ስለሆነ ፈቃዱን የሚሸጠው የመንግሥት ደኖችን የሚያስተዳድረው ሜትሳሃሊቱስ ነው፤ «ኤራሉቫት» በሚባለው የኢንተርኔት መሸጫው በካርድ ትከፍላላችሁ። የሐይቁ ፈቃድና የወንዞቹ ፈቃድ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ካርታው ላይ የትኛውን ውሃ እንደሚሸፍን ተመልከቱ።

መዘውር በሌለው ቀላል ዘንግ፣ በትልና በተንሳፋፊ፣ በረጋ ውሃ ላይ ማጥመድ ያለ ክፍያ ይፈቀዳል። ለልጆች ይህ ከበቂ በላይ ነው። ትራውትና መሰል ዓሦች በሚመላለሱባቸው ወንዞች ፏፏቴና ፈጣን ውሃ ላይ ግን ይህ ነፃነት አይሠራም።

መጠንም ተወስኗል። በአገሪቱ ደንብ ከ67 ዲግሪ ሰሜን በላይ ትራውት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ግሬይሊንግ የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ወደ ውሃው ይመለሳል። የውሃው ፈቃድ ከዚህ የጠበቀ ወሰን ሊጨምር ስለሚችል ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሜትር ያለው ዘንግ ወይም ሠላሳና ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት የተደረገበት እጀታ ቢኖራችሁ ጣጣ ይቀንሳል።

ከኢናሪ በስተሰሜን በኖርዌይ ድንበር ላይ የሚፈሰው የቴኖ ወንዝ ለረጅም ዘመን በሳልሞን ስመ ጥር ነበር። የሳልሞኑ ቁጥር በማሽቆልቆሉ ከ2021 ጀምሮ ሳልሞን ማጥመድ ተከልክሎ ቆይቷል። ድሮ የተጻፉ የጉዞ ጽሑፎች አሁንም ወደዚያ ይመራሉና ወቅታዊውን ደንብ ሳታዩ ጉዟችሁን በቴኖ ላይ አትመሥርቱ።

3. መድረሻ

ከሄልሲንኪ ወደ ኢቫሎ በረራ አለ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። ከኢቫሎ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኢናሪ መንደር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላው መንገድ ከሄልሲንኪ እስከ ሮቫኒዬሚ የሌሊት ባቡር መሳፈር ነው፤ ባቡሩ መኪናም ይጭናል። ከሮቫኒዬሚ እስከ ኢናሪ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ አለ፤ አራት ሰዓት ያህል ያስነዳል። አውቶቡስ አለ፤ ግን በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ወንዝ ለወንዝ መዞር ለሚፈልግ መኪና መከራየት ይሻላል።

መንገዱ ላይ ሬንዲር፣ የሰሜን አገር አጋዘን፣ ይበዛል። በፊንላንድ ሬንዲር አርቢ ክልል 200,000 ገደማ ሬንዲሮች አሉ፤ ዱር ውስጥ ብቻቸውን ሲሄዱ ብታዩም እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው፤ ጆሯቸው ላይ በተቆረጠ ምልክት ይለያሉ። አንድ መንገድ ካቋረጠ ሌላው ይከተላልና ቆማችሁ ጠብቁ። ከተገጨ 112 ደውሎ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

4. ማደሪያ

ለመጀመሪያ ጉዞ አንድ ማደሪያ ያዙ፤ ከእርሱ እየወጣችሁ ተመለሱ። ሐይቅ ዳር ያለ የእንጨት ጎጆ፣ ሳውና (የእንፋሎት መታጠቢያ) ያለው፣ ጀልባም የሚያከራይ ከሆነ ሌላ ምን ይፈለጋል! በየሌሊቱ ማደሪያ የሚቀይር ሰው ምርጡን የማጥመጃ ሰዓት ዕቃ በማሸግ ያጠፋዋል።

ምድረ በዳ ውስጥ ማደር ለሚፈልጉ ሜትሳሃሊቱስ «አውቲዮቱፓ» የሚባሉ ክፍት ጎጆዎች አሉት። ቁልፍ የላቸውም፣ ክፍያም የለም። ምድጃ፣ የተፈለጠ እንጨትና ሰፊ የእንጨት መደብ አላቸው። ሕጋቸው ግን ጥብቅ ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ብቻ ይታደራል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ኋላ ለመጣው ነው። ቀድማችሁ ገብታችሁ ከተሞላ፣ ደክሞትና በስብሶ ለሚደርሰው ቦታ የምትለቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ድንኳን ሁልጊዜ ይያዝ። ስትወጡ እንጨት ፈልጣችሁ፣ ወለሉን ጠርጋችሁ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

5. ዕቃ

ልብስ ተደራራቢ ይሁን፤ ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ። በጁላይ ቀኑ ቲሸርት የሚያስለብስ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሌሊት ጀልባ ላይ ግን የሱፍ ኮፍያና ጓንት ያስፈልጋል። በጁን በረዶ ቢጥል ማንም አይገረምም። ከፍ ያለ የላስቲክ ቦት ጫማ ከማንኛውም ውድ የተራራ ጫማ ይበልጣል፤ መንገዱ ረግረግ ነውና። ለቢምቢ ደግሞ ኮፍያ ላይ የሚጠለቅ የፊት መረብና በየአካባቢው ሱቅ የሚሸጠው ጠንካራ ቅባት ያስፈልጋል። ልብሱ ሰፋ ያለና ነጣ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥብቅ ካልሲ በቢምቢ ጦር ይበሳል።

የማጥመጃ ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ቀለል ያለ የመወርወሪያ ዘንግ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ክር፣ ጥቂት ትንንሽ ተሽከርካሪ ማባበያዎች፣ ጥቂት ማንኪያ መሰል ብረቶች፣ ለሐይቅ ደግሞ ትንሽ ዓሣ የሚመስሉ ዎብለሮች። በሰው ሠራሽ ዝንብ የምታጠምዱ ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ቁጥር ዘንግ ለግሬይሊንግም ለመካከለኛ ትራውትም ይበቃል። ፓይክ ለሚባለው ጥርሳም ዓሣ የብረት ሽቦ ጫፍ አትርሱ፤ ጥርሱ ክር ይበጥሳል። የመንጠቆውን ምላስ በፒንሳ ተጭናችሁ ደፍጥጡት ወይም ምላስ የሌለው ግዙ፤ ወሰን ያልሞላውን ዓሣ ሳይጎዳ መልቀቅ ይቻላል።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ጉዳይ። በሌላ ወንዝ የተጠቀማችሁበት ዘንግ፣ መረብ፣ ጀልባ ወይም የውሃ ሱሪ ካለ፣ ኢናሪ ከመድረሱ በፊት ፍጹም መድረቅ ወይም በፀረ ተሕዋስ መታጠብ አለበት። ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የሚባል ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማያልፍ ጥገኛ ትል በእርጥብ ዕቃ ተሸክሞ ይጓዛል። ወደ ባልቲክ ባሕር በሚፈሱ ወንዞች ውስጥ ያለው ሳልሞን ከትሉ ጋር አብሮ ኖሮ ተላምዶታል፤ ወደ ሰሜን ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ በሚፈሱት ወንዞች ያለው ግን መቋቋም አይችልም። በኖርዌይ በአሥር የሚቆጠሩ ወንዞች ሳልሞናቸውን በዚህ ትል አጥተዋል። የኢናሪ ሐይቅ ውሃ በፓትስዮኪ ወንዝ በኩል ወደ ባሬንትስ ባሕር ስለሚወርድ ሕጉ እዚህም ይሠራል። ከደቡብ የመጣ ሆድ ዕቃው ያልወጣ ዓሣም አይገባም። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ከመነሳታችሁ ቀናት በፊት ዕቃውን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት። እዚያው ብትከራዩ ደግሞ ጭራሽ ችግሩ የለም።

6. ማጥመድ

ግሬይሊንግ ለጀማሪ ቸር ዓሣ ነው። በወንዝ ውስጥ የሚቆመው ፏፏቴው ላይ ሳይሆን ከፏፏቴው በታች ውሃው ፍጥነቱን ቀንሶ ወጥ ሆኖ በሚፈስበት፣ ወገብ በሚያህል ጥልቀት ነው። ከእርሱ በታች ሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ውሃ አዙራችሁ ቁሙና ትንሿን ተሽከርካሪ ወይም ደረቅ ዝንብ ከእርሱ በላይ ጥላችሁ ውሃው ራሱ ይዟት እንዲወርድ አድርጉ። አፉ ለስላሳ ስለሆነ በኃይል ከጎተታችሁት ይገነጠላል፤ ዘንጉን ቀና አድርጋችሁ ያዙና እስኪደክም ጠብቁት። ገና ከውሃ ሲወጣ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። ጀርባው ላይ ያለውን ሰፊ ክንፍ ሲዘረጋ ደግሞ ሐምራዊና ቀይ ነጠብጣቡ ይታያል፤ ፎቶ ብታነሱትም ከውሃ ውጭ ብዙ አታቆዩት።

ትራውት ሌላ ጉዳይ ነው። የኢናሪ ትራውት ሐይቁ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ እየበላ ይደልባል፤ ከዚያ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣል። ኢናሪ መንደር መሐል የሚያልፈው ዩቱዋ ወንዝ ዝናው ከዚህ ነው የመጣው፤ የሚወጣው ትራውት ትልልቅ ነው፣ የሚያዘው ግን በትዕግሥት ነው። ለእንግዳ የበለጠ ዕድል ያለው ሐይቁ ላይ ነው፦ ጀልባዋ ከእግር ጉዞ ብዙም ሳትፈጥን፣ ዎብለሩ ከኋላ ርቆ እየተጎተተ፣ በደሴቶች መካከል ጥልቀቱ በድንገት በሚለወጥበት ጠርዝ ላይ መመላለስ። በረዶ እንደለቀቀ ትራውት ከውሃው ገጽ አይርቅም፤ ውሃው ሲሞቅ ወደ ታች ይወርዳልና ዎብለሩም ይከተለው። ጥልቁ ውስጥ አርክቲክ ቻር የሚባል ዓሣና ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ የተለቀቀ ሌላ ትልቅ የቻር ዘመድም አለ።

ምንም ካልያዛችሁ ወደ ሣር ያለበት ጥልቀት የለሽ ወሽመጥ ሂዱ። ፓይክና ፐርች እዚያ አሉ። አጥማጅ ነኝ ባይ ፓይክን ይንቃል፤ እኔ አልንቅም፤ ልጆች ላሉበት ጀልባ ከሰዓታት ዝምታ በኋላ የሚነክስ ዓሣ ማለት ነው።

አንድ ምሽት ለመሪ ክፈሉ፤ የጉዞው መጀመሪያ ላይ ይሁን እንጂ መጨረሻ ላይ አይሁን። ሐይቁ ድንጋያማ ነው፤ የትኛው ደሴት ጀርባ ከነፋስ እንደሚጠለል፣ የትኛው ጠርዝ ዓሣ እንደሚይዝ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። በመጀመሪያው ምሽት የተማራችሁት ቀሪውን ሳምንት ያገለግላችኋል።

የምትበሉትን ዓሣ ጭንቅላቱን መትታችሁ ወዲያው ግደሉት፣ ጉረሮውን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ በቀዝቃዛ ጥላ አስቀምጡት። ሥጋው ላይ የሚያመጣው ልዩነት ትልቅ ነው።

7. ማየት

ዝናብ የጣለበትን ቀን ለሲይዳ አስቀምጡ። የሳሚ ሕዝብ፣ ማለትም የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ሙዚየም ነው፤ በ2024 የአውሮፓ የዓመቱ ሙዚየም ሽልማትን አግኝቷል። በ2021 የፊንላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ከ2,200 በላይ የሳሚ ቅርሶችን ለሲይዳ መልሷል። ሙዚየሙን አስቀድሞ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው ሐይቅም፣ ሬንዲርም፣ ጎጆም ትርጉም ያገኝለታል። ኢናሪ ወረዳ ውስጥ ሦስት የሳሚ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ከፊንላንድኛ ጋር አራት የሥራ ቋንቋ አለ ማለት ነው። ሳሚ ሰው ስታገኙ «ስንት ሬንዲር አለህ?» አትበሉ፤ የሀብት መጠን እንደመጠየቅ ስለሚቆጠር ነውር ነው። የባህል ልብሱን የለበሰ ሰው ፎቶ ለማንሳትም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሲይዳ አጠገብ በበጋ የሽርሽር ጀልባ ይነሳል፤ ወደ ኡኮንኪቪ ደሴት ይወስዳል። ከውሃው ቀጥ ብላ የወጣች ድንጋያማ ደሴት ናት፤ ሳሚዎች ጥንት መሥዋዕት ያቀርቡባት ነበር። ለእነርሱ ዛሬም ቅዱስ ስፍራ ስለሆነች ከጀልባው ላይ ሆኖ ማየቱ ይበቃል።

በእግር ለመሄድ የፒኤልፓያርቪ የምድረ በዳ ቤተ ክርስቲያንን አስቀድሙ። ከመኪና ማቆሚያው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በጥድ ጫካ ውስጥ ይኬዳል፤ በመጨረሻ ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመች፣ በ1760 የተጠናቀቀች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። መንገድ አልነበረም፤ ሰዎቹ በክረምት በረዶ ላይ፣ በበጋ በጀልባ ነበር የሚመጡት።

ጉልበት ያለው 418 ሜትር ከፍታ ወዳለው ኦትሳሞ ይውጣ። ከላይ ሐይቁ ከነደሴቶቹ ይታያል፤ ነፋስ ስላለም ቢምቢ አይደርስባችሁም፤ የጁላይ ምርጥ ምሳ ቦታ እዚያ ነው።

ሙሉ ቀን ካላችሁ ወደ ሌመንዮኪ ብሔራዊ ፓርክ ሂዱ። በ1956 የተመሠረተ፣ 2,850 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የፊንላንድ ትልቁ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከጀልባ መነሻው ከንጁርኩላህቲ በረጅም ቀጭን ጀልባ ሸለቆውን ተከትላችሁ እስከ ራቫዳስ ፏፏቴ ትሄዳላችሁ። በ1945 እዚህ ወርቅ ተገኝቶ ሰው ጎርፎ ነበር፤ ፓርኩ ውስጥ በማሽን ወርቅ መቆፈር የቆመው በ2020 ነው። አንድ መንገድ በጀልባ፣ መመለሻው በእግር ቢሆን ሸለቆው በደንብ ይታያል።

8. እሳትና ምግብ

በፊንላንድ በጫካ መሄድ፣ ለአጭር ጊዜ ድንኳን መትከል፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ለማንም የተፈቀደ ነው። እሳት ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም። ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ አይነድም፤ በተዘጋጁ የእሳት ቦታዎች ላይ ብቻ አንድዱ። የደን ቃጠሎ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ደግሞ በእነዚያም ላይ ክፍት እሳት ክልክል ነው። በጋው ደረቅ ከሆነ ይህ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ።

ዓሣ በጭስ ለማብሰል ብዙ ጎጆዎች ክዳን ያለው የብረት ሣጥን አላቸው። ከሥር የአልደር እንጨት ፍቅፋቂ ይበተናል፤ ጨው ተነስንሶበት ለአንድ ሰዓት የቆየ ዓሣ ከላይ በሽቦው ላይ ይደረደራል፤ ክዳኑ ተገጥሞ እሳት ላይ ይጣዳል። ለግሬይሊንግ ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ፍሬ የሚለቅም ሰው በጁላይ መጨረሻ ረግረግ ውስጥ «ሂላ» የሚባለውን ብርቱካናማ ፍሬ ይፈልግ፤ ቦታውን ግን የአካባቢው ሰው ይነግረኛል ብሎ አይጠብቅ!

9. ደኅንነት

እዚህ ሰው የሚጎዳው በድብ ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ድብ አለ፤ ግን ድምፅ ሲሰማ የሚሸሽ ዓይን አፋር ነው። ሐይቁ ግን በጁላይ ሙቀት እንኳ ጥልቁ አይሞቅም፤ ሰፊው ክፍት ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ይገለብጣል። ተንሳፋፊ ጃኬቱን ወንበር ሥር አትክተቱት፤ ልበሱት። የአየር ትንበያውን በየጠዋቱ እዩ፤ ነፋስ እንደሚነሳ ከተነገረ በደሴቶቹ መካከል ብቻ አጥምዱ ወይም ቀኑን ለእግር ጉዞ አውሉት። ወንዝ ውስጥ ስትገቡ የውሃ ሱሪው ላይ ቀበቶ ይታሰር።

የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 112 ነው። «112 ሱኦሚ» የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑ፤ በእርሱ ስትደውሉ ያላችሁበትን ቦታ ራሱ ይልካል። ከመንደሩ ስትርቁ የስልክ መረብ ይቆራረጣል፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዙ፤ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለጎጆው ባለቤት ንገሩ። ዕቅድ ከቀየራችሁም አሳውቁ፤ አለበለዚያ እናንተ ሌላ ወሽመጥ ላይ ዓሣ ስትጠብሱ የነፍስ አድን ጀልባ ሊፈልጋችሁ ይወጣል።